ምርቃቱ ላይ ሲደርስ የሚንተባተበው ኮምፒውተር

ሌባ ተብያለሁ። ለጥገና የመጣ የሰው ኮምፒውተር ከፍቶ፣ ደህናውን ግራፊክስ ካርድ አውጥቶ፣ በቦታው አሮጌ ተክቷል ተባልኩ። የተባልኩትም በሹክሹክታ አይደለም፤ ፒያሳ ላይ፣ ዕድሜዬን ከፈጀሁበት ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ፣ ደንበኛ እየሰማ ነው። አልቀየርኩም። አለመቀየሬን ለማሳየት ግን ከኅዳር እስከ መጋቢት ፈጅቶብኛል።

ዛሬ ሥራውን ትቻለሁ። የሰፈር ሰው «ጡረታ ወጣህ አይደል?» ይለኛል። ጡረታ የሚወጣ ሰው ሻይና ብስኩት ቀርቦለት፣ ተጨብጭቦለት ይሸኛል። እኔ ካቻቢቴዎቼን በጋዜጣ ጠቅልዬ ነው የወጣሁት። ሙያውም ቢሆን አብሮኝ ወጥቷል። ዛሬ ሰው ፊልሙንም ሠርጉንም በስልኩ ያያል፤ ሲንቀረፈፍበት ስልክ ይለውጣል እንጂ የሚያስጠግን የለም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለማንም ሙያ ላስተምር ብዬ አይደለም። ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ስሜ የጠፋው በወረቀት ጉድለት ነውና በወረቀት ላቃናው ብዬ ነው።

ፒያሳ የገባሁት ከወልቂጤ ማዶ ካለው አገራችን፣ ከአጎቴ ጋር ነው። መጀመሪያ የተቀጠርኩት አንድ ሲኒማ ቤት ወለል ጠራጊ ሆኜ ነበር። ላይ፣ በብረት መሰላል በሚወጣበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ፊልም የሚያጫውተው ጋሽ በርሄ ነው። ከትግራይ የመጣ፣ ቀጭን፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው። ወሬ ስለማላበዛ ወደደኝና የፊልም ቆርቆሮ እንዳቀብለው ወደ ላይ አወጣኝ። ወደ ታች አልተመለስኩም።

ስለ ጋሽ በርሄ ልማድ በደንብ መናገር አለብኝ፤ የኋላው ነገር ሁሉ በሱ ላይ ነውና። ጋሽ በርሄ የተበላሸ ዕቃ ሲመጣለት አይነካውም። ወንበር ይስባል። ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል። ያያል። ዕቃው እየሠራ፣ እየታመመ፣ እየተንተፋተፈ፣ አንድ ሙሉ ዘፈን የሚያህል ጊዜ ያየዋል። እኔ ካቻቢቴ ይዤ ከጎኑ ስቁነጠነጥ፣ «ኣንታ ሸምሱ፣ ቀስ ኢልካ» ይለኛል በቋንቋው፤ ቀስ በል ማለቱ ነው። ሲኒማው ሲዳከም ሁለታችንም ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ውስጥ አንድ ቪዲዮ ቤት ገባን። የዴክ ጭንቅላት በአልኮል መጥረግ፣ የተበላ ካሴት ፈትቶ ማቃናት፣ የላላ ጎማ መለወጥ። ከዚያም ሰው ቤት ድረስ እየሄድን ዴክና ቴሌቪዥን እንጠግን ጀመር። ጋሽ በርሄ ቤት ለቤት ሲሄድ ሌላ ልማድ ነበረው፤ በቀጠሮው ሰዓት አይሄድም። አሥር ሰዓት ካለ ዘጠኝ ሰዓት ይደርሳል፣ ወይም በማግስቱ ሳይታሰብ ብቅ ይላል።

«ምነው ጋሼ፣ ሰው እኮ ይታዘበናል» ብዬዋለሁ አንድ ጊዜ።

«ቀጠሮ የሰጠኸው ዕቃ ታጥቦ ለብሶ ነው የሚጠብቅህ» አለኝ። «እኔ የማየው የዘወትር ልብሱን ነው።»

ሳቅኩበት። እኔ ተቃራኒው ነበርኩ። አራዳ ፈጣን ሰው ይወዳል፤ እኔን «ደርሶ መልስ» ይሉኝ ነበር። ገብቼ፣ ከፍቼ፣ ጠግኜ፣ የተቀዳልኝ ሻይ ሳይበርድ እወጣለሁ። ጋሽ በርሄ በአንድ ቤት ቁጭ ባለበት ጊዜ ሦስት ቤት አዳርሳለሁ። አዋቂነት ይመስለኝ ነበር።

ኮምፒውተር ሲመጣ ጋሽ በርሄ ዓይኑ ደከመና አቆመ። እኔ ቀጠልኩ። አንባቢ ይህን ይያዝልኝ፤ ኮምፒውተር መጠገን ስጀምር ማንበብ አልችልም ነበር። በአማርኛም፣ በእንግሊዝኛም። የምሠራው ቦታ በማስታወስ ነው። ከላይ ሦስተኛው፣ ከሱ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ታችኛው፣ እሺ የሚለው በግራ በኩል። ጭንቅላቴ መጽሐፍ ስላልነበረው ምንም አይጥልም፤ አንድ ጊዜ ያየሁት ቁጥር አይወጣም። አንድ ቀን ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ አንድ ቢሮ ተጠርቼ ሄድኩ። ኮምፒውተሩ አዲስ ፕሮግራም ተጭኖበታል። ሁሉም ነገር ቦታውን ለቋል። ሦስተኛው የነበረው አምስተኛ ሆኗል፣ የግራው ወደ ቀኝ ሄዷል። ጸሐፊዋ ከኋላዬ ቆማ ታየኛለች። እኔ የሌባ ጣቴን ማውሱ ላይ እንዳደረግሁ ደርቄ ቀረሁ። በመጨረሻ «መብራቱ ይዋዥቃል፣ ሌላ ቀን ልምጣ» ብዬ ወጣሁ። መብራቱ ምንም አላለም ነበር።

በዚያው ሳምንት የጎልማሶች ትምህርት ተመዘገብኩ። ከቤት ሠራተኞችና ከዘበኞች ጋር ሀ ሁ አልኩ። በራሴ አንብቤ የጨረስኩት የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ከሱቃችን ጎን ያለው ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈው ነው፤ «እዚህ መሽናት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል። ስንት ዓመት የሸናሁበት ግድግዳ ነው። ማንበቡ በዚህ ሁኔታ መጣ። ጽሕፈቱ ግን ዶሮ የጫረው መስሎ ቀረ፤ አፍርበት ነበር። ይህም ኀፍረት ኋላ ምን እንዳስከፈለኝ እነግራለሁ።

የመጨረሻዎቹን ዓመታት የሠራሁት ጌታነህ የሚባል ሰው ሱቅ ውስጥ ነው። ከኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ሥርዓት የሚወድ፣ ለሁሉም ነገር ቅጽ ያለው ሰው። ክፉ ነው አልልም። ሰው ከሚያምን ወረቀት የሚያምን ነው።

ያኔ የኛ ትልቁ ሥራ ቪዲዮ ነበር። ሠርግ ቀራጺዎች ሁሉ በኤችዲ መቅረጽ ጀመሩ፤ ቀጥሎም ከሱ አራት እጥፍ የሚበልጠው መጣ። ሰው ሠርጉን በፍላሽ ይቀበላል፣ ቤቱ ወስዶ ኮምፒውተሩ ላይ ይከፍተዋል፣ ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ እግሯ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ድምፁ ይሄዳል፣ ስዕሉ ይቆማል፣ ከዚያ ሮጦ ይደርስበታል፣ ደግሞ ይቆማል። «ቪዲዮው ተበላሽቷል» እያሉ ቀራጺውን ይረግማሉ። ቪዲዮው አልተበላሸም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮ ፊልም ስዕሎቹ አንዱ ከሌላው ቀጥሎ ተደርድረው የሚታዩበት ጥቅል ነው፤ ብርሃን ከኋላ ማብራት ብቻ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ግን መርካቶ እንደሚወርድ የሰልባጅ ቦንዳ ተጨምቆ፣ ታጥፎ፣ ታስሮ ነው የተቀመጠው። ኮምፒውተሩ በእያንዳንዷ ሰከንድ ሃያ አምስት ጊዜ ልብስ ከቦንዳው መዝዞ፣ ተኩሶ፣ መስቀል አለበት። ከዘገየ ስዕሉ ይንተባተባል። ለዚህ ሥራ ሁለት ሠራተኛ አለው፤ አንዱ ፕሮሰሰሩ፣ ሌላው ግራፊክስ ካርዱ። ካርዱ ለዚሁ የተፈጠረ ነው፤ ሲታዘዝ ላብ ሳያወጣ ይፈታዋል። በብዙ ቤት ግን ካርዱ እጁን አጣጥፎ ተቀምጦ ፕሮሰሰሩ ብቻውን ይገደላል፤ ማጫወቻው ፕሮግራም ውስጥ «አንተ ሥራ» ያለው የለማ። የኔ ሥራ እሱን ማዘዝ ነበር። ሌላም አለ። ሰው የስክሪኑን ገመድ በካርዱ ቀዳዳ ትቶ በቦርዱ ቀዳዳ ይሰካዋል፤ ካርድ ገዝቶ ካርድ የለውም። ስክሪኑም በሰከንድ ስልሳ ጊዜ ይታደሳል፤ ሃያ አምስት ስዕል ለስልሳ እኩል አይካፈልም፣ አንዱ ሁለት ሲደርሰው ሌላው ሦስት ይደርሰዋል፣ ዓይን ይህን ይይዘዋል። ስክሪኑን ሃምሳ ላይ አደርገዋለሁ። ለሁሉም ሁለት ሁለት።

መፈተኛም ነበረኝ። የጊዮርጊስን የብረት አጥር ከጎን ይዤ፣ በቀስታ እየሄድኩ የቀረጽኩት አምስት ደቂቃ የሚሆን ቪዲዮ። ፊት ስትመለከት ዓይንህ ያታልልሃል፤ የሰው ፊት ትወዳለህና ጉድለቱን ታልፍለታለህ። የአጥር ብረት ግን እኩል ርቀት ላይ ቆሞ በተርታ ስለሚያልፍ፣ አንዲት ስዕል ብትወድቅ ብረቱ ይዘላል። ጠግኜ ስጨርስ አጥሩን አጫውታለሁ። ብረቶቹ ውሃ ሆነው ካለፉ ሥራው አልቋል። አምስት ደቂቃ። ለደርሶ መልስ የሚመች መፈተኛ ነው።

እትዬ ዘነበች ከጊዮርጊስ በታች፣ ቁልቁል ሲወረድ ያለች አሮጌ ቤት ውስጥ የሚኖሩ ሴት ናቸው። የመጀመሪያ ልጃቸው ሠርግ በጥር ተደገሰ። ባለቤታቸው ጋሽ ዓለማየሁ ሙሽሮቹን ቆመው መረቁ። በግንቦት ሞቱ። ትንሹ ልጅ ብሩክ ባንክ ይሠራል፤ እናቱ አባቱን ወለል አድርገው ያዩ ዘንድ ከፍ ያለ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ገዝቶ አስገባላቸው። ሠርጉ ሁለት ሰዓት ያህል ነው፣ ምርቃቱ ወደ መጨረሻው ነው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከጎረቤት ጋር ተቀምጠው ያያሉ። ምርቃቱ ላይ ሲደርስ ይንተባተባል።

በመስከረም ጠሩኝ። በቀጠሮዬ ሰዓት ከች አልኩ። ጥቁር ለብሰዋል፤ እኔ ግን ቀጥታ ወደ ኮምፒውተሩ። ንጹሕ ነው፣ ፊቱ ሳይቀር ተወልውሏል። ምርቃቱን ከፈትኩት፤ ሄደ። አጥሩን ከፈትኩት፤ ሄደ። ለማንኛውም ብዬ ሱቅ ወሰድኩት። ከፈትኩት፣ አቧራውን ነፋሁ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለውን፣ ፓስታ የምንለውን ሙቀት አሻጋሪ ቅባት፣ ደርቆ ስለነበር ጠርጌ አዲስ ቀባሁ። የካርዱ ማራገቢያ ትንሽ ታጉረመርም ነበር፤ መሐሏ ላይ ያለውን ተለጣፊ ወረቀት ልጬ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አደረግኩላት። ይህን ያስተማረኝ ጋሽ በርሄ ነው። ወረቀቱ ተቀደደ፣ ጣልኩት። በሱቁ ተላላኪ መለስኩላቸው።

በሁለተኛው ሳምንት ብሩክ ደወለ። «ጋሽ ሸምሱ፣ እንደገና ጀምሯል።»

ሄድኩ። ምርቃቱን ከፈትኩት፤ ሄደ። አጥሩን ከፈትኩት፤ ሄደ።

«አንተ ስትመጣ ይድናል፣ ስትሄድ ይታመማል» አሉ እትዬ ዘነበች። «ይፈራሃል መሰለኝ።»

«ቢፈራኝ ጥሩ ነው» አልኩና ወጣሁ። ሻዩን ተቀድቶ ተውኩት።

ለሦስተኛ ጊዜ አልጠሩኝም። ብሩክ ሌላ ባለሙያ አምጥቶ ኖሯል። ያ ሰው ኮምፒውተሩን ከፍቶ ካርዱን አየና፣ «ይህ አሮጌ ነው፤ አዲስ ካርድ ማራገቢያው ላይ ወረቀት አለው፤ ቀይረውባችኋል» ብሎ ሄደ። ማን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

በኅዳር፣ ረፋድ ላይ፣ ሱቁ ሰው ሞልቶበት ሳለ ብሩክ ኮምፒውተሩን ታቅፎ ገባ። ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው።

«ይሄ ካርድ የኔ አይደለም» አለ።

«ያንተው ነው።»

«የኔ ወረቀት ነበረው።»

«እኔ ነኝ የላጥኩት። ዘይት ላጠጣው ብዬ።»

ቻርጀር ሊገዛ የቆመ አንድ ጎረምሳ፣ «ዘይት? ወጥ ሊሠሩበት ነው?» አለ። ሰው ሳቀ። እኔም ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

ጌታነህ ከውስጥ ወጣ። «የመረከቢያ ቅጹን አምጡት» አለ። ዕቃ ስንቀበል የውስጡን ክፍሎች ቁጥር የምንሞላበት ቅጽ ነው። መዝገቡ ተገለጠ። በእትዬ ዘነበች ስም የተከፈተው ገጽ ላይ፣ የካርድ ቁጥር የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ሁሉም ገጾቼ ባዶ ናቸው። ጽሕፈቴን ሰው እንዳያይብኝ ቁጥር በጭንቅላቴ ነበር የምይዘው።

«ቁጥሩ የታለ?» አለኝ።

«አውቀዋለሁ» አልኩና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሥራ አራቱንም ፊደልና ቁጥር በቃሌ ወረድኩት። ጌታነህ ካርዱን ነቅሎ አዙሮ አየ። አንድ ነው።

«አንድ ነው» አለ።

«ይሆናላ» አለ ብሩክ። «ራሱ ያስገባውን ካርድ ቁጥር ማን ይጠፋዋል?»

ጌታነህ መዝገቡን ዘጋው። ከዚያ፣ «ሸምሱ፣ እኔ ጭንቅላትህን ፋይል ውስጥ ላስቀምጠው አልችልም» አለኝ። «ዕቃህን ሰብስብ።»

ብሩክ ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ፣ «የእናቴን እንባ ነው የሰረቅከው፣ ሸምሱ» አለኝ። ሸምሱ። ጋሽ ቀረች። እኔን ያመመኝ ሌባ መባሌ ብቻ አይደለም፤ ያቺ ጋሽ መቅረቷ ነው።

ወሬው ከኔ ቀድሞ ሰፈር ደረሰ። ፒያሳ ላይ ሌላ ሱቅ ሄጄ ሥራ ጠየቅሁ፤ «ጋሼ፣ ካርድ ያለበት ዕቃ ከርስዎ ማራቅ አለብን» አለኝ አንዱ እየሳቀ። ሦስተኛ ሱቅ አልሄድኩም። ለባለቤቴ «ስሜን ሳላጠራ ካቻቢቴ አልይዝም» አልኳት። «ታዲያ ምን ልትይዝ ነው?» አለች። 

በየካቲት መጨረሻ ጋሽ በርሄን ልጠይቀው ሄድኩ። ጊዮርጊስ ቅጥር ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል፤ ዓይኑ ጥላ ብቻ ነው የሚለየው። ሁሉንም ነገርኩት። ፓስታውን፣ ዘይቱን፣ አጥሩን። 

«ቪዲዮውን ከነሱ ጋር ተቀምጠህ አይተኸዋል?» አለኝ።

«ምርቃቱን ከፍቼ አይቻለሁ።»

«እሱን አልጠየቅሁም። እነሱ እንደሚያዩት፣ ከመጀመሪያው፣ እጅህን ጉልበትህ ላይ አድርገህ።»

«የለም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የጠገንከው?»

ተናደድኩ። ሌባ ከተባልኩበት ቤት እንዴት ነው ገብቼ ፊልም የማየው? ይህን ብዬው ተነሣሁ። ቁልቁል ስወርድ ግን አንድ ነገር ወጋኝ። እዚያ ቤት ሁለት ጊዜ ገብቻለሁ። ሴትዮዋ ሁለቱንም ጊዜ ጥቁር ለብሰው ነበር። አንድም ቀን «ነፍስ ይማር» አላልኩም። ለቅሶ አልደረስኩም። ለቅሶ ሊደርስ የመጣን ሰው ደግሞ ሌባም ቢሆን በር ላይ የሚመልስ አገር የለም።

እሑድ ጠብቄ፣ ሳልደውል ሄድኩ። ካቻቢቴ አልያዝኩም፤ ኪሴም ባዶ ነበር። ብሩክ ነው በሩን የከፈተው።

«ደግሞ ምን ልትወስድ መጣህ?»

«ምንም። ለቅሶ ልደርስ ነው። አባትህን አላለቀስኩም።»

ከውስጥ እትዬ ዘነበች፣ «ማነው?» አሉ። ስሜን ነገራቸው። «ለቅሶ ከሆነ ይግባ» አሉ።

ገባሁ። «እግዜር ያጥናዎ፣ ዘገየሁ» አልኳቸው። በጎረቤቶቹና በግድግዳው መሐል ተቀመጥኩ። ሻይ ሊቀዱልኝ ሲሉ ረመዷን መሆኑን ነገርኳቸው። «እኛም ሁዳዴ ነን» አሉ፣ ሻዩን ለጎረቤታቸው አሳለፉት። እኔ በእጄ የምይዘው ስኒ እንኳ የለም። ሁለት እጄን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ።

ቪዲዮው ገና መጀመሩ ነበር። ኮምፒውተሩን አየሁት። አላወቅሁትም። ከላይ እስከ ታች፣ ፊቱም ጀርባውም፣ ነጭ ዳንቴል ለብሷል። በዳንቴሉ ሥር ላስቲክ አለ። ለማብሪያው ቁልፍ ብቻ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ተትቶለታል፤ ዙሪያዋ በአበባ ተጠልፏል።

ሁለት ጊዜ ስመጣ ይህ ዳንቴል አልነበረም።

ዘልዬ መነሣት ቃጣኝ። ቀስ ኢልካ። ተቀመጥኩ። የሙሽራው ቤት፣ የሙሽራዋ ቤት፣ መኪናው፣ አዳራሹ። ሁሉም ውሃ ሆኖ ያልፋል። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ጭፈራው ላይ አንድ እጅ አየር ላይ ትንሽ ዘገየ። ከኔ በቀር ያየ የለም። ማራገቢያዋ በዳንቴሉ ውስጥ ስትጮኽ ይሰማኛል። ጋሽ ዓለማየሁ ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ውለዱ፣ ክበዱ» ሲሉ ድምፃቸው ሄደ፣ ከንፈራቸው ቀረ። እትዬ ዘነበች ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«አፉ ከድምፁ ሲለይ ሁለተኛ የሞተብኝ ይመስለኛል» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

«እትዬ፣ ዳንቴሉን ላንሣው?» አልኩ።

ብሩክ ተነሣ። «እንዳትነካው።»

«እሺ፣ አንተ አንሣው። መጀመሪያ ግን እጅህን ከሥሩ አስገባ።»

እያየኝ እጁን አስገባ። ቶሎ አወጣው። «ይፋጃል» አለ።

እትዬ ዘነበችም ነኩት። «ዶሮ ማነቂያ ከፈረሰ ወዲህ አቧራው መግቢያ መውጫ አሳጣን እኮ» አሉ። «ልጁ የሰጠኝን ዕቃ አቧራ እንዳይበላብኝ ብዬ ነው። ላስቲኩንም ለዚያ ነው የጨመርኩለት።»

«ያቃጠለው እሱ ነው። መተንፈሻ ያጣል፣ ይግላል፤ ሲግል እንዳይቃጠል ራሱን ያዘገያል። የሚግለውም ሲቆይ ነው፤ ምርቃቱ ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው።»

«ታዲያ አንተ ስትመጣ ለምን አልተናገርክም?» አለ ብሩክ።

«እኔ ስመጣ የለማ። ያነሡታል።»

«ይነሣላ» አሉ፣ ሞኝ እንዳየ ሰው። «ባለሙያ ሲመጣ ተሸፍኖ ይቀርባል? አንተ ሐኪም ፊት ጋቢህን ተከናንበህ ትቀርባለህ?»

ብሩክ ዳንቴሉንና ላስቲኩን ገፈፈው። እስኪበርድ ጠበቅን።  ከዚያ ብሩክ ወደ ኋላ መለሰው። ጋሽ ዓለማየሁ ተነሡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ «ውለዱ፣ ክበዱ፣ አብባችሁ አፍሩ» አሉ፤ ከንፈርና ድምፅ አብረው ወረዱ። እትዬ ዘነበች እስከ መጨረሻው ፊታቸውን አላዞሩም። በቃላቱ መሐል «አሜን» ይሉ ነበር፣ እንደ ሠርጉ ቀን።

እውነቱን ልናገር። ሌባ አልነበርኩም፤ ችኩል ነበርኩ። ሁለት ሰዓት ለሚታይ ቪዲዮ አምስት ደቂቃ አጥር አጫውቼ የሄድኩ እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ሻያቸውን ተቀምጬ ብጠጣ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ካርዱ ግን ገና ነው። የሞቀ ኮምፒውተር ያልተቀየረ ካርድ ማስረጃ አይሆንም፤ ይህን ብሩክም ያውቃል፣ ፊቱ ላይ አየዋለሁ። እትዬ ዘነበች ዳንቴሉን አጣጥፈው ሊያስቀምጡ ከአልጋው ሥር አንድ ሳጥን ሳቡ። ክራቸውንና ኪሮሻቸውን የሚያስቀምጡበት ነው። ሳጥኑ ላይ የካርድ ሥዕል አለ።

ብድግ አልኩ። «እትዬ፣ ይህን ሳጥን ከየት አመጡት?»

«ብሩኬ ኮምፒውተሩን ያመጣ ቀን ሊጥለው ሲል ነው የወሰድኩት። ካርቶኑ ጠንካራ ነው።»

«ብሩክ፣ ለኔ አትስጠኝ» አልኩ። «አንተ ያዘው። ከጎኑ ቁጥር አለ። እኔ እናገራለሁ፣ አንተ ተከተለኝ።»

ዓይኔን ጨፍኜ ወረድኩት። አሥራ አራቱንም። ስጨርስ ዓይኔን ገለጥኩ። ጣቱ መጨረሻው ቁጥር ላይ ቆሟል። ክሩ ከሳጥኑ ተንከባሎ እግሩ ሥር ወድቋል፣ አላነሣውም።

«ጋሽ ሸምሱ» አለ።

«እዚህ አይደለም» አልኩት። «ሌባ ያልከኝ እዚህ አይደለም።»

ኢድ አለፈ። በማክሰኞው፣ ረፋድ ላይ፣ ብሩክ ሳጥኑን ይዞ፣ እኔ ባዶ እጄን ሱቁ ገባን። ሰው ሞልቷል፤ እንዲሞላ ጠብቄ ነው። ብሩክ ባንኮኒው ፊት ቆሞ ድምፁን ሳይደብቅ፣ «ካርዱ የራሴው ነው። ጋሽ ሸምሱ አልቀየረም። ሌባ ያልኩት ሐሰት ነው» አለ። ጌታነህ የሳጥኑን ቁጥር አየ፣ ሁለት ጊዜ አየ።

«ሸምሱ፣ ወንበርህ አለ» አለኝ። «ነገ ግባ።»

«ወንበሩን አልፈልገውም። መዝገቡን አምጣው።»

አመጣው። ያንን ባዶ ገጽ ገለጥኩት። እስክሪብቶ ለመንኩ። ሰው እያየኝ፣ ዶሮ የጫረው በሚመስለው ጽሕፈቴ የካርድ ቁጥር በሚለው ቦታ አሥራ አራቱን አንድ በአንድ ሞላሁ። ከሥሩ «ካርዱ አልተቀየረም» ብዬ ጻፍኩ። ብሩክ ፈረመ። ጌታነህ ፈረመ። ጌታነህ መዝገቡን ሊዘጋ ሲል ያዝኩበት፤ ቀን የሚለው ቦታ ባዶ ቀርቶ ነበር። እሱንም ራሴ ሞላሁት።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 23።